የጸሐፊ ድፍረት ከየት ይመጣል? የጎንደር ጉባኤ ቤትና የአማርኛ ዜና መዋዕል

መግቢያ

የድርሰት ትምህርት ያስተማረ ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። ተማሪው የጻፈውን ሲያስረክብ ከወረቀቱ የሚቀድመው ይቅርታው ነው። «ጥሩ አይደለም»፣ «ቸኩዬ ነው የጻፍኩት»፣ «እኔ እንኳ ጸሐፊ አይደለሁም» ይላል። አንዳንዱም ጽፎ ለማንም ሳያሳይ ይቀራል። ይህን ፍርሃት አብዛኛውን ጊዜ የግለሰብ ጠባይ አድርገን እንወስደዋለን፤ አንዱን ዓይን አፋር፣ ሌላውን ደፋር ብለን እንመድባለን። በዚህ ጽሑፍ የሚቀርበው ሐሳብ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ጸሐፊ በራሱ መተማመኑ ታሪክ ያለው ነገር ነው። በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሥርዓት፣ በብዙ ሰዎች ድካም ይገነባል፤ ሥርዓቱ ሲፈርስም አብሮ ይደክማል።

ይህን ለማሳየት የተመረጠው ጉዳይ የጎንደር ነው። አፄ ፋሲል ከተማዋን ከመሠረቱበት ከ1628 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1636) ጀምሮ ለሁለት መቶ ዓመት ያህል የነገሥታቱ ታሪክ በግእዝ ሲጻፍ ኖረ። በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን ግን ደብተራ ዘነብ የንጉሡን ታሪክ በአማርኛ ጻፉ። እኛ ዛሬ ይህን እንደ ቀላል ነገር ልናየው እንችላለን፤ ሰው በሚናገርበት ቋንቋ መጻፉ ምን ያስደንቃል? ነገር ግን የንጉሥን ታሪክ ያህል ከባድ ነገር በአማርኛ ለመጻፍ ብራና ዘርግቶ የተቀመጠ ሰው፣ «ይህ ቋንቋ ይበቃል ወይ? እኔስ እበቃለሁ ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ሳይሻገር ሊጽፍ አይችልም ነበር። ድፍረቱ ከየት እንደመጣ መመርመር የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

የግእዝ ክብርና የአማርኛ ሥፍራ

በጎንደር ዘመን የንጉሥን ታሪክ መጻፍ የታላላቅ ሊቃውንት ሥራ ነበር። የአዛዥ ሐዋርያ ክርስቶስ፣ የአዛዥ ዘወልድና የአዛዥ ሲኖዳ ስሞች ከዚህ ሥራ ጋር ተያይዘው ይነሣሉ። እነዚህ ሊቃውንት በቤታቸው፣ በአደባባዩና በዘመቻው የሚናገሩት አማርኛ ነው። አማርኛ «ልሳነ ንጉሥ» እየተባለ የተጠራውም የቤተ መንግሥቱ መነጋገሪያ ስለሆነ ነው። ብዕር ሲያነሡ ግን ወደ ግእዝ ይሻገራሉ። አፍ በአማርኛ፣ እጅ በግእዝ ይሠራ ነበር ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ አማርኛው ጨርሶ ከብራናው አልራቀም። የሹመቱ ስም፣ የጦሩ ስልት፣ የግብሩ ዓይነት በግእዝ አልገለጽ ሲል ጸሐፊው አማርኛውን እንዳለ ያስገባዋል። ሊቃውንት «ልሳነ ታሪክ» ብለው የሚጠሩት የግእዝና የአማርኛ ቅይጥ አጻጻፍ ከዚህ የተነሣ ነው። የግእዝ ቅኔ መስፈርት ይዞ የሚያነብ ሰው ይህን እንደ ድክመት ሊያየው ይችላል። በእኔ አስተያየት ግን የአማርኛ ጽሑፍ ታሪክ አንዱ ሥር እዚህ ላይ ነው። ጸሐፊው ያየውን በትክክል ለመናገር ሲል ከቋንቋው ክብር ይልቅ የነገሩን እውነት መርጧል።

አማርኛ ከዚያ በፊትም በጽሑፍ እንዳልታየ አድርጎ መናገር ስሕተት ይሆናል። በመካከለኛው ዘመን ለነገሥታት የተገጠሙ የአማርኛ ግጥሞች በጽሑፍ ተጠብቀው ቆይተውናል። በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከካቶሊክ ሚሲዮናውያን ጋር በተደረገው የሃይማኖት ክርክርም አማርኛ በጽሑፍ አገልግሏል። ጀርመናዊው ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍ የአማርኛን ሰዋስው እ.ኤ.አ. በ1698 ያሳተመው ከኢትዮጵያዊው አባ ጎርጎርዮስ በተማረው መሠረት ነው። ስለዚህ የጎደለው ፊደሉ ወይም ቃሉ አልነበረም። የጎደለው፣ «ታላቅ ነገር በዚህ ቋንቋ ሊጻፍ ይገባዋል» የሚለው እምነት ነበር።

ቅኔ ቤት፦ በየቀኑ መውደቅና መነሣት

የደብተራ ድፍረት የመጀመሪያ ምንጩ ቅኔ ቤት ነው። ቅኔ በጎጃም እነ ዋሸራና ጎንጅ፣ በወሎ ዋድላ የታወቁበት ትምህርት ነው። ጎንደር ደግሞ በአቋቋሙና በመጻሕፍት ትርጓሜው ስሙ ገናና ነው። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ ከአንዱ ደብር ወደ ሌላው ስለሚዞር፣ በመጨረሻ ጎንደር የሚገባው ሊቅ አብዛኛውን ጊዜ በቅኔ ቤት ያለፈ ሰው ነው።

የቅኔ ቤት ሥርዓት ለሥነ ጽሑፍ መምህራን ብዙ የሚያስተምር ነው። ተማሪው የሚጀምረው ባለ ሁለት ቤት ከሆነው ከጉባኤ ቃና ነው። ከዚያ ዘአምላኪየ፣ ሚበዝኁ፣ ዋዜማ፣ ሥላሴ፣ ዘይእዜ እያለ ወደ መወድስ ይወጣል። ማንም ከመወድስ እንዲጀምር አይጠየቅም። መምህሩ ቅኔውን ይነግራል፤ ሰሙን ከወርቁ፣ ሙያውን ከምሥጢሩ ለይቶ ያሳያል። ተማሪው ከዚያ በኋላ ብቻውን ይሆናል። ወደ ዱር ወይም ወደ መቃብር ቦታ ወጥቶ፣ ጋቢውን ወይም ደበሎውን ተከናንቦ ቅኔውን ይቆጥራል። ብራናም ብዕርም የለውም፤ ሁሉንም በልቡ ይሠራዋል። ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ ያሰማል። ቃሉ የተዛባ እንደሆነ፣ ቤቱ የሰበረ እንደሆነ፣ ምሥጢሩ ያልገጠመ እንደሆነ እዚያው ይነገረዋል፤ ጓደኞቹም ይሰማሉ። በማግሥቱ ሌላ አዲስ ቅኔ ይዞ ይመለሳል።

እዚህ ላይ ሦስት ነገሮችን ልብ ማለት ያሻል። አንደኛ፣ ስሕተት በቅኔ ቤት የዕለት ጉዳይ ነው። ዛሬ የተበላሸበት ተማሪ ነገ እንደገና ስለሚቆጥር አንዱ ውድቀት የሕይወት ፍርድ አይሆንበትም። ሁለተኛ፣ የሰው ቅኔ ወስዶ የራስ አስመስሎ ማቅረብ ነውር ነው፤ የራሱንም ቢሆን ትናንት ያለውን ዛሬ መድገም አያስከብርም። ተማሪው «አዲስ ነገር ከእኔ ይወጣል» ብሎ እንዲያምን የሚገደድበት ሥርዓት ነው። ሦስተኛ፣ ፍርዱ የሚታወቅ መስፈርት አለው። መምህሩ «አልወደድኩትም» ብሎ አያልፍም፤ የት እንደተሰበረ ያሳያል። ሰውን ይበልጥ የሚያሸብረው መስፈርቱ ያልታወቀ ፍርድ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

የዚህ ሥርዓት ኃይል እስከ ምን ድረስ እንደሚሄድ ለማየት የጎጃሟን እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን ማስታወስ ይበቃል። ከልጅነታቸው ጀምሮ ዓይነ ስውር የነበሩት እኚህ ሴት ቅኔን ከአባታቸው ተምረው፣ ወንዶች ብቻ በሚቀመጡበት ወንበር ላይ ተቀምጠው አስተምረዋል። ኅብረተሰቡ ለሴት ያልሰጠውን ሥፍራ ያገኙት ችሎታቸው በየዕለቱ በሰው ፊት ተፈትኖ ስለታየ ነው። ዮፍታሔ ንጉሤና ሐዲስ ዓለማየሁም ከዚሁ ቤት ወጥተው ነው ወደ አዲሱ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ የተሻገሩት።

አንድም፦ አማርኛ ማሰቢያ ሲሆን

ቅኔ ቤት ድፍረት ቢሰጥም ድፍረቱ ለግእዝ ነበር። አማርኛን ለከባድ ሐሳብ ያሠለጠነው ሌላ ጉባኤ ነው፤ እርሱም የመጻሕፍት ትርጓሜ ነው። በዚህ ጉባኤ መምህሩ የግእዙን ንባብ ያሰማል፣ በአማርኛ ይፈታዋል፣ ከዚያም «አንድም» እያለ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን ፍቺ ያስከትላል። በመካከሉ ታሪክ ያመጣል፣ ምሳሌ ይሰጣል፣ የሚነሣውን ጥያቄ አስቀድሞ አንሥቶ ይመልሳል። ይህ ሁሉ በአማርኛ ነው።

በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ በጎንደር ይህን ትርጓሜ ያደራጁት መምህር ኤስድሮስ እንደሆኑ የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ይናገራሉ። የእርሳቸውን መንገድ የተከተለው «ታች ቤት»፣ የቀደመውን የያዘው «ላይ ቤት» ተብሎ ተለየ። መምህር ኤስድሮስ የተቀበሉትን ትርጓሜ እንዳለ ከማስተላለፍ አልፈው መርምረው አቃኑት። ይህ ራሱ ትልቅ ድፍረት ነው። ድፍረቱ ግን ሥር አለው፤ የቀደመውን ጠንቅቆ ያልያዘ ሰው ሊያቃናው አይችልም ነበር።

የአንድምታ ጉባኤ ለአማርኛ ያደረገለት ውለታ በሥነ ጽሑፍ ታሪካችን ውስጥ በበቂ አልተነገረም። አማርኛ በዚያ ጉባኤ ውስጥ ረቂቅ ነገር መለየትን፣ ምክንያትን ከውጤት ማያያዝን፣ ተቃራኒ ሐሳብ ማቅረብንና መመለስን ተለማመደ። ተማሪዎቹ ይህን አማርኛ ቃል በቃል ያጠኑታል፤ ለረጅም ጊዜ ብራና ላይ ሳይሆን በቃል ኖረ። ሰዋስው የሚባሉት የግእዝ መማሪያ መጻሕፍትም የግእዙን ቃል በአማርኛ ይፈቱ ነበር። እንግዲህ አማርኛ የአስረጂነት ሥራ ለትውልድ ሠርቷል፤ የቀረው በራሱ ስም መጻፍ ነበር።

የአዲስ ነገር ዋጋ

ጎንደር ግን አዲስ ነገርን ሁልጊዜ በእልልታ የተቀበለች ከተማ አልነበረችም። የፎገራው አለቃ ገብረ ሐና ዛሬ በአብዛኛው የሚታወቁት በቀልዳቸው ነው፤ ከቀልዱ በስተጀርባ ያሉት ሊቅ ግን ይረሳሉ። አለቃ በጎንደር በዓታ ያስተምሩ በነበረበት ጊዜ በመቋሚያና በአካል እንቅስቃሴ የተለየ የአቋቋም ስልት አወጡ። ስልቱን ከጣና ማዕበል እንቅስቃሴ እንደቀዱት ይነገራል። የጎንደር ሊቃውንት ግን ከአባቶች የተቀበልነው ይበቃናል ብለው አልተቀበሉትም። አለቃም ስልቱን ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩ፤ ተክሌ በደብረ ታቦር አስፋፋው። ዛሬ «የተክሌ አቋቋም» ተብሎ የሚታወቀው ይኸው ነው።

ይህ ታሪክ ለጸሐፊ የሚነግረው ነገር አለ። አለቃ ገብረ ሐና ሥራቸው ሲነቀፍ ወይ አልተዉትም፣ ወይ ነቃፊዎቻቸውን እስኪያሳምኑ አልጠበቁም። የሚማርላቸው አንድ ሰው ፈለጉ፤ አገኙም። በራስ መተማመን ማለት ሁሉም ሰው እንዲያጨበጭብ መጠበቅ ቢሆን ኖሮ የተክሌ አቋቋም ጎንደር ላይ ተቀብሮ በቀረ ነበር።

ደረስጌና ከዚያ ወዲህ

ከላይ የተጠቀሱት ሁሉ መሠረት ናቸው፤ መሠረት ግን ቤት አይደለም። ቤቱ እንዲቆም ያደረገው የዘመኑ ለውጥ ነው። የቋራው ካሣ ኃይሉ ደጃዝማች ውቤን ድል አድርገው በየካቲት 1847 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1855) በሰሜን ደጋ፣ በደረስጌ ማርያም «ቴዎድሮስ» ተብለው ነገሡ። ቤተ ክርስቲያኒቱ ለውቤ ንግሥ ታስባ የተሠራች ነበረች ይባላል። አዲሱ ንጉሥ የጎንደር ቤተ መንግሥት ልጅ አልነበሩም። ለቀደመው የአጻጻፍ ሥርዓትም ዕዳ የለባቸውም። ከእርሳቸው በፊት በአማርኛ ደብዳቤ የጻፉ መኳንንት ቢኖሩም፣ ቴዎድሮስ አማርኛን የመንግሥታቸው የጽሑፍ ቋንቋ አደረጉት። በጥቅምት 1855 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1862) ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ በአማርኛ የተጻፈ ነው። ያ ደብዳቤ መልስ ማጣቱ ያመጣውን መዘዝ ሁሉም ያውቃል። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ግን ሌላ ነገር ነው፤ አንድ የኢትዮጵያ ንጉሥ ለታላቅ መንግሥት ሲጽፍ በአማርኛው አላፈረም።

ሁለተኛው ግፊት ከውጭ የመጣ ነው። ኢትዮጵያዊው አቡ ሩሚ በካይሮ ተቀምጦ አሥር ዓመት ያህል ደክሞ መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ወደ አማርኛ መልሶ ነበር። ትርጉሙን የእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1820 ገዛው፤ ሙሉው መጽሐፍም እ.ኤ.አ. በ1840 ታትሞ ወጣ። ሚሲዮናውያኑ ይህን መጽሐፍ ይዘው አገር ውስጥ ሲገቡ፣ አማርኛ በኅትመት ሊታይና ሊነበብ የሚችል ቋንቋ መሆኑን የጎንደር ሊቃውንትም አዩ። ትርጉሙን ቢነቅፉትም እንኳ፣ መንቀፋቸው ራሱ የአማርኛ ጽሑፍ በሊቃውንት ሚዛን ላይ እንዲወጣ አድርጎታል።

ደብተራ ዘነብ የቆሙት በእነዚህ ሁለት ነገሮች መካከል ነው። የቤተ ክህነቱ ትምህርት አላቸው፤ የዘመኑን ነገር በቅርብ ያውቃሉ፤ ከሚሲዮናውያኑም ጋር ይተዋወቃሉ። የጻፉት የቴዎድሮስ ታሪክ የንጉሡን አነሣሥና የመጀመሪያዎቹን የንግሥና ዓመታት የሚተርክ ነው። አማርኛው ከንግግር ብዙ አይርቅም። የጻፉት ወደ አውሮፓ ተሻግሮ እ.ኤ.አ. በ1902 በኤኖ ሊትማን አማካይነት ታተመ። «መጽሐፈ ጨዋታ ሥጋዊ ወመንፈሳዊ» የተባለው ሥራም የእርሳቸው ነው።

ዘነብ በር ከከፈቱ በኋላ ሌሎች ተከተሉ። አለቃ ወልደ ማርያም ያንኑ ዘመን እስከ ንጉሡ ሞት ድረስ በአማርኛ ጻፉ፤ በንጉሡ ላይ ያላቸው አስተያየት ግን ከዘነብ ይለያል፣ ይከብዳልም። ይህ ልዩነት ለእኛ ዋጋ አለው። አንድ ሰው በአማርኛ ንጉሥን ማመስገን ከቻለ፣ ሌላው በዚያው ቋንቋ መተቸት ቻለ ማለት ነውና። የቋንቋው ድፍረት የሙገሳ ብቻ ሆኖ አልቀረም።

ይህ ሁሉ የሆነው በመልካም ጊዜ እንዳልነበረ ማስታወስም ተገቢ ነው። በ1859 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ጎንደርን አስዘረፉ፣ አቃጠሉም፤ የአብያተ ክርስቲያናቱ መጻሕፍት ወደ መቅደላ ተወሰዱ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1868) መቅደላ ሲወድቅ 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ወደ ሎንዶን ተጫኑ። ለግእዙ ክብር ሲሰጥ የኖረው ከተማ መጻሕፍቱን ያጣው፣ የአማርኛው ዜና መዋዕል በተወለደበት በዚያው ንጉሥ ዘመን ነው። የአማርኛን ጽሑፍ መነሣት ስንዘክር የዚያን ኪሳራ ዋጋ መርሳት አይገባንም።

የይፋጉ ልጅ

የጎንደር ዘመን ድፍረት ወደ ኅትመት ዘመን እንዴት እንደተሻገረ የሚያሳየን አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም ናቸው። በቤጌምድር ይፋግ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1861 ተወለዱ። በልጅነታቸው ወደ ባሕር ጠረፍ ወርደው በምንኩሉ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማሩ፤ ቤተ ክህነቱንም አጠኑ። «መጽሐፈ ሰዋስው» የተሰኘው ሥራቸው በ1889 ዓ.ም. በዚያው ታተመ። ከ1905 እስከ 1908 እ.ኤ.አ. በበርሊን የምሥራቅ ቋንቋዎች ትምህርት ቤት አስተማሩ። «የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክ» የተባለው መጽሐፋቸው በ1914 ዓ.ም. በአሥመራ ወጣ። በሃይማኖት አቋማቸው ምክንያት ግን በአገራቸው ተከሰሱ፣ ተንገላቱም። ታሪክ አጻጻፋቸውን ዛሬ በብዙ ነገር ልንተቸው እንችላለን። ሆኖም የመጽሐፉን ርእስ ልብ ይሏል። የዘነብ መጽሐፍ የንጉሥ ታሪክ ነበር፤ የታዬ መጽሐፍ የሕዝብ ታሪክ ሆነ።

ማጠቃለያ

የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ሲነገር በ1900 ዓ.ም. በሮማ ከታተመው ከአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» መጀመር የተለመደ ነው። ለልብ ወለድ ይህ ልክ ነው። የአማርኛ ጸሐፊ ድፍረት ግን ከዚያ አስቀድሞ በጉባኤ ቤት ተኮትኩቷል። ከላይ ከታየው ሦስት ነገር እንይዛለን። ድፍረት የሚመጣው በየዕለቱ ከተፈተነ ሙያ ነው፤ ይህን ቅኔ ቤት አሳይቶናል። የሚጠብቅ አንባቢ ወይም ተማሪ ይፈልጋል፤ ይህን ከዘነብና ከአለቃ ገብረ ሐና አይተናል። በሰው ቋንቋ ሳይሆን ያዩትን በትክክል በሚናገሩበት ቋንቋ መጻፍን ይጠይቃል፤ ይህን ልሳነ ታሪክና አንድምታው አስተምረውናል።

ዛሬ አማርኛ በግእዝ ፊት አያፍርም። በእንግሊዝኛ ፊት የሚያፍር ተማሪ ግን በየክፍሉ አለ፤ ያሰበውን በአማርኛ መጻፍ ዕውቀቱን የሚያሳንስበት የሚመስለው ብዙ ነው። ጥያቄው የቆየ ነው፤ መልሱም ከቆየው ጉባኤ ሊወሰድ ይችላል። መምህራን ከመወድስ እንዲጀምሩ ተማሪዎችን አናስገድድ፤ ከጉባኤ ቃና እናስጀምራቸው፤ በየቀኑ ይቁጠሩ፤ የት እንደሰበሩም እናሳያቸው።

በመጨረሻ ወደ ተነሣንበት ይቅርታ እንመለስ። የብራና ጸሐፍትም ይቅርታ ይጠይቁ ነበር። ራሳቸውን ኃጢአተኛ ብለው ይጠራሉ፤ ፊደል ገድፌ እንደሆነ አትርገሙኝ ብለው አንባቢን ይማጠናሉ። ልዩነቱ ቦታው ላይ ነው። ያ ልመና የሚገኘው በመጽሐፉ መጨረሻ፣ ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። ትሕትናቸው ከመጻፍ አላገዳቸውም። የእኛም ተማሪ ይቅርታ መጠየቅ ካለበት ይጠይቅ፤ አስቀድሞ ግን ጽፎ ይጨርስ።